ሠላሳ ሦስት ብርጭቆ መዳብ

ራዊያ ቆቦ ከተማ ውስጥ የውሃና የአፈር ናሙና በሚመረመርባት አንዲት ክፍል ከተቀጠረች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ክፍሏ ድሮ ማይክሮስኮፕ፣ ማድረቂያ ምድጃና ስሱ ሚዛን ነበራት። በጦርነቱ በሯ ተሰብሮ ሁሉም ተወሰደ። ከተማው ተረጋግቶ ሠራተኞቹ ሲመለሱ ያገኙት ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የውሃ ገንዳና ማንም ያልፈለገው የመስታወት ስብርባሪ ነበር። ባልደረቦቿ አለቀሱ። ራዊያ መጥረጊያ ፈልጋ ስብርባሪውን ጠረገች።

«እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት!» አሉ።

ጥንካሬ አለመሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ባሏ ኑሀ ሚኒባሱን ተሳፋሪ ሞልቶ ወደ ወልድያ ካቀና ያን ጊዜ አራት ወር ሆኖት ነበር። መኪናውም፣ እሱም፣ ተሳፋሪዎቹም የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ። አስከሬን ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ለቅሶ ስላልተቀመጡም «አላህ ያጽናሽ» የሚላት አልነበረም። ጎረቤት ሲያገኛት «እስካሁን ወሬ የለም?» ይላል፤ እሷም «የለም» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት አለፈ። ውስጧ ተኝተውበት እንዳደሩት እጅ ደንዝዞ ቀረ። ምግቡ ጣዕሙ ሳይታወቃት ይበላል፣ ሥራው ይሠራል፣ ቀኑ ይመሻል።

የምትኖረው ከኑሀ አባት ከአባ ታሂር ጋር ነው። «ልጄ ሲመለስ ቤቱን ባዶ እንዳያገኘው» ብለው ስለጠየቋት ከቤታቸው አልወጣችም። እሳቸው ሮቢት አቅራቢያ የአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ጠባቂ ናቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ግን ማለዳ ተነስተው በሚኒባስ ይሄዳሉ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ይመለሳሉ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲወጡ መናኸሪያ ጎራ ብለው ሾፌሮቹን ስለ ልጃቸው ይጠይቃሉ። አዲስ ሾፌር ካገኙ የኑሀን መኪና ሰሌዳ ቁጥር ደግመው ይነግሩታል። ከዚያ ቤት ገብተው መቁጠሪያቸውን ያነሳሉ። ስለ ኑሀ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

በታኅሣሥ ወር አንድ ጠዋት አስካለ የምትባል ሴት ባልዲ ይዛ ወደ ቢሮው መጣች። አስካለ ከሮቢት ወጣ ብሎ ዶሮ የምታረባ፣ ድምፀ ትልቅ፣ ቀልደኛ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን አልቀለደችም። ባልዲውን ራዊያ እግር ሥር አስቀመጠችው። ውስጡ እንደ ተቀቀለ ሩዝ የነጣ ነገር ይንሳፈፋል።

«ምንድነው ይሄ?» አለች ራዊያ።

«የውሃ ምስሬ ነው፤ ነበር ልበልሽ እንጂ።»

ከአባ ታሂር ፓምፕ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ኩሬ ይገባል፤ ከኩሬው ወደ ገበሬዎቹ የጠብታ መስኖ ቱቦ ይሄዳል። ትርፉ በቦይ ወርዶ ዝቅ ያለ ረግረግ ላይ ይተኛል። በዚያ ረግረግ ላይ የምስር ክክ የሚያክል አረንጓዴ ቅጠል ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖት ይኖር ነበር። አስካለ በወንፊት እያወጣች ታሰጣዋለች፣ ከፉርሽካ ጋር ትቀላቅለዋለች፣ ስድሳ ዶሮ ታበላበታለች። የውሃ ምስር የሚለውን ስምም ያወጣችለት ራሷ ናት። አሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ነጣ፣ ከዚያ መሽተት ጀመረ።

«ዒምራን ነው እያሉ ነው» አለች አስካለ። «ለቲማቲሙ የሚረጨውን ኮፐር፣ መርጫውን ቦዩ ውስጥ ያጥበዋል። የመስኖ ኮሚቴው የውሃ ተራውን ከልክሎታል። እኔ ክሰሱት አላልኩም እህቴ፤ ቅጠሌን ምን ገደለው ነው ያልኩት። ልጁ ደግሞ ቲማቲሙ አበባ ላይ ነው፣ ውሃ ካጣ አለቀለት።»

ኮፐር የሚሉት ቅጠል የሚያደርቀውን በሽታ የሚከላከለውን ሰማያዊ አረንጓዴ ዱቄት ነው። መዳብ አለበት። የቢሮው ኃላፊ ባልዲውን አይቶ አፍንጫውን ያዘና ናሙናው ደሴ ወዳለው ላቦራቶሪ ይላክ አለ። የደሴው መንገድ ግን ከወልድያ ወዲያ ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ ነበር።

«ደሴ ቢሄድ የሚነግረን ውሃው ውስጥ ምን ያህል መዳብ እንዳለ ነው» አለች ራዊያ። «ይህን ቅጠል ምን ያህል መዳብ እንደሚገድለው፣ የትኛው ዓይነት መዳብ እንደሚገድለው ግን እዚህ ማየት እንችላለን። ብርጭቆ ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። ሰባት ቀን ደግሞ።»

ኃላፊው ቀና ብሎ አያት። ከእሷ አፍ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከሰማ ቆይቷል።

ማታ እራት ላይ አባ ታሂርን ጠየቀቻቸው። «አባ፣ ፓምፑ ቤት መዳብ ያለበት ነገር አለ?»

ሽማግሌው ጉርሻቸውን ያዝ አደረጉ። «ድሮ የመስኖ ፕሮጀክቱ የተወው ሰማያዊ ጨው አለ። ኩሬው አረንጓዴ ዝልግልግ ሲያወጣ ለማጥፊያ ነው ያሉት።»

«ትንሽ ቢያመጡልኝ።»

«አመጣልሻለሁ» አሉ፤ በነጋታውም በላስቲክ ቋጥረው አመጡላት። ውብ ነገር ነበር፤ እንደ ተሰበረ ሰማያዊ ብርጭቆ ያብለጨልጫል። የቲማቲሙን ዱቄት ደግሞ ዒምራን ራሱ ሰጣት። ከሲታ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው፤ ዱቄቱን ሲያቀብላት ዓይኗን አላያትም።

«ለማን እንደምትመሰክሪ መቼም ይታወቃል» አላት። «አማትሽ የኮሚቴው ሰው አይደሉ?»

ራዊያ ላስቲኩን ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። እሷ የከፋትን ቦታ ፈልጋ አጣችው።

ሚዛን ስለሌላት ወርቅ ቤት ካላት ከጓደኛዋ ከሀናን የወርቅ ሚዛን ተዋሰች። ሰማያዊውን ጨው በአንድ ሊትር ውሃ አሟሟች፣ ዱቄቱንም በሌላ፤ ከዚያ በመርፌ መስጫ ስሪንጅ እየለካች አቀጠነቻቸው። በጣም ከቀጠነው፣ በሊትር አንድ አሥረኛ ሚሊግራም መዳብ ካለው፣ እስከ ወፍራሙ፣ አሥር ሚሊግራም እስካለው ድረስ ከሁለቱም አምስት አምስት ደረጃ አወጣች። ለእያንዳንዱ ደረጃ ሦስት ብርጭቆ መደበች። አንዱ ብርጭቆ ቢያሳስት ሁለቱ ያርሙታል። ሦስት ብርጭቆ ደግሞ ምንም መዳብ የሌለበት፣ ከሌላ ጉድጓድ የተቀዳ ንጹህ ውሃ ሆነ። ሁሉም ተደምሮ ሠላሳ ሦስት። መድኃኒቱ ካልደረሰበት ከጎብዬ በኩል ካለ ኩሬ ጤነኛ ቅጠል አስመጣችና በእያንዳንዱ ብርጭቆ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቅጠል በትንሽ ማንኪያ አንሳፈፈች። ብርጭቆዎቹን በመስኮቱ ሥር ደርድራ የቀጭን ጨርቅ ጥላ አበጀችላቸው።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰማ። ኃላፊው ነገሩ እስኪረጋጋ ቢሮው ይዘጋል አለ። ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንስቶ ሲሮጥ ራዊያ ሦስት የለስላሳ ሳጥን ለመነችና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ደረደረችበት።

«አንቺ ሴት፣ ለቅጠል ልትሞቺ ነው?» አላት ዘበኛው።

«ሰባት ቀኑ ከተቋረጠ እንደ አዲስ መጀመር አለብኝ» አለችው። መልስ መሆኑ ነው።

የባጃጁ ሾፌር መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ቀጥሎ አዘነላት። ከተማው ሁሉ በሩን እየዘጋ፣ እነሱ በባዶው አስፋልት ላይ እንደ ሙሽራ አጃቢ ቀስ ብለው ሄዱ። ጉድጓድ በደረሱ ቁጥር ሾፌሩ «ቢስሚላህ» ይላል፣ ብርጭቆዎቹ ይንኳኳሉ። ራዊያ ሁለቱን ሳጥን በጭኗ፣ ሦስተኛውን በእግሯ መካከል ይዛ ውሃው ከአፍ አፉ እንዳይፈስ ስታይ ቆየች። ሩቅ የሚሰማውን ድምፅ ሰምታዋለች፤ ልቧ ግን አልደነገጠም። ኋላ ላይ ይህ ራሱ ትንሽ ገረማት።

ብርጭቆዎቹ በአባ ታሂር ቤት በረንዳ ላይ ተደረደሩ። የሮቢቱም መንገድ ስለተዘጋ ሽማግሌውም ቤት ዋሉ። ራዊያ በሦስተኛው ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዛ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና መቁጠር ጀመረች። ንጹህ ውሃ ውስጥ ያሉት እናት ቅጠሎች በጎናቸው ትንንሽ ልጅ ቅጠል አውጥተው አሥራ ሁለቱ ሃያ ስድስት ሆነዋል። ወፍራሙ ሰማያዊ ጨው ውስጥ ያሉት አሥራ ሁለት እንደሆኑ ነጥተዋል። ወፍራሙ ዱቄት ያለባቸው ግን ዱቄቱ ከታች ዘቅጦ ቅጠሉ ቢጫ ብቻ ሆኗል።

አባ ታሂር መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ራቅ ብለው ያዩ ነበር። በአምስተኛው ቀን ተነስተው መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ሁለቱም መዳብ አይደል? ይሄ ለምን ቶሎ ገደለ?»

«ጨው ስለሆነ ነው አባ። ውሃ እንደነካ ሟሟ። ዱቄቱ ግን ቶሎ አይሟሟም፤ አብዛኛው ከሥር ይቀመጣል። መዳቡ እኩል ቢሆንም ቅጠሉ ጋ የሚደርሰው እኩል አይደለም።»

«የነጣው ሞቷል?»

«የወፍራሙ ሞቷል። መሐል ያሉትን እጠብቃለሁ። ማደጉን አቁሞ ያልሞተ አለ፤ ንጹህ ውሃ ውስጥ ሳዛውረው ይለያል።»

ሽማግሌው ወደ ነጡት ቅጠሎች ጎንበስ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከብርጭቆዎቹ ሳያነሱ፣ «ራዊያ፣ ልጄ፣» አሉ፣ «ጨውን ኩሬው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

እርሳሷን አቆመች።

«ቱቦው በዝልግልጉ ተደፍኖ ሰው ሁሉ ጮኸብኝ። አያሌው፣ ሊቀመንበሩ፣ 'ሽማግሌ ተቀምጦ ይበላል' አለ፤ ሰው ፊት። ጆንያው ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ነው። ማንን ልጠይቅ? አንዱን ጆንያ ከነሙሉው ገለበጥኩት። በሦስተኛው ቀን ኩሬው እንደ መስታወት ጠራ፤ ሁሉም መረቀኝ። የአስካለ ነገር ሲመጣ ግን ዒምራንን ያዙት። አፌን ዘጋሁ።»

«ጆንያው ስንት ኪሎ ነበር?»

እንዲህ ብላ እንደምትጠይቃቸው አልጠበቁም። «ሃያ አምስት።»

ራዊያ ወረቀቷ ጠርዝ ላይ ጻፈች። የኩሬው ርዝመት፣ ስፋት፣ ጥልቀት፤ የጨው ሩብ ያህሉ መዳብ ነው። በአንድ ሊትር ስድስት ሚሊግራም ወጣ። ከሦስት ሚሊግራሙና ከአሥር ሚሊግራሙ ብርጭቆ መካከል ነው። ሁለት ኪሎ ቢጨምሩ ዝልግልጉ ይጠፋ ነበር፤ የአስካለ ቅጠልም ትንሽ ታሞ ይተርፍ ነበር።

«እጽፈዋለሁ አባ» አለች።

«ጻፊው» አሉ። «ያን ልጅ ሳየው እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። ሲሄድ ከኋላው ኑሀን ይመስለኛል።»

ስሙ በዚያ በረንዳ ላይ ጮክ ብሎ የተጠራው በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነበር። ራዊያ ወደሚቀጥለው ብርጭቆ ዞረች። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። ቁጥሩ ጠፋባትና ደግማ ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ያዘችው።

በሰባተኛው ቀን ንጹሁ ውሃ ስድሳ አንድ ቅጠል ቆጠረ። አንድ ሚሊግራም የጨው መዳብ ያለበት እድገቱ በግማሽ ወርዶ ነበር፤ በዱቄቱ ግን ያው አንድ ሚሊግራም ብዙም አልጎዳም። የመሐሎቹንም የወፍራሙንም ጨው ቅጠሎች ወደ ንጹህ ውሃ አዛወረቻቸው። ከሦስት ሚሊግራሙ ጥቂቶቹ በአምስት ቀን ውስጥ አዲስ ቅጠል አወጡ። ከአሥሩ አንድም አልተነሳ።

መንገዱ ሲከፈት የውሃ ተጠቃሚዎቹ ኮሚቴ ፓምፑ ቤት ደጅ ካለው የግራር ጥላ ሥር ተሰበሰበ። አርባ የሚሆን ገበሬ፣ አስካለ፣ ዒምራንም ራቅ ብሎ ቆሞ። ሊቀመንበሩ አቶ አያሌው ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ራዊያን «እንግዲህ ባለሙያዋ ትናገር» አላት።

ወረቀቷን አነበበች። የዒምራን መርጫ ታጥቦ የሚወጣው ዱቄት ረግረጉ ላይ ሲደርስ መዳቡ ከቀጭኑ፣ ምንም ካልጎዳው ብርጭቆም ያነሰ ነው። ቅጠሉን የገደለው ዱቄቱ አይደለም። ኩሬው ውስጥ የገባ ሰማያዊ ጨው ነው፤ መጠኑም ሃያ አምስት ኪሎ ነው።

«ማነው የጨመረው?» አለ አቶ አያሌው።

አባ ታሂር በትራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ራዊያ ጠበቀች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ አየ። ዒምራን ከሩቅ ሆኖ ያያት ነበር። ብትናገር ምን እንደሚሰማት ራሷን ጠየቀች። «ጨውን ኩሬው ውስጥ የጨመሩት...» ብላ ጀመረች።

«እኔ ነኝ!» አሉ ሽማግሌው፤ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «እኔ ነኝ፤ እሷን አታስቸግሯት። ልጁን ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ በሉት። ወላሂ፣ መጠኑን አላውቅም ነበር፤ ዝም ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው።»

ሁካታ ሆነ። አንዱ ሽማግሌን አታዋርዱ ይላል፣ ሌላው ስለ ቱቦው የጮኸባቸው ማን ነበር ይላል። አቶ አያሌው መሬት መሬት አየ። ጆንያውን ያለ ሚዛንና ያለ መመሪያ ሽማግሌ እጅ ላይ የተወው ኮሚቴው መሆኑን መጨረሻ ላይ አስካለ በትልቅ ድምፅዋ ነገረቻቸውና ጸጥ አሉ። ለዒምራን ውሃው በዚያው ቀን ተለቀቀለት፤ የቲማቲሙ ግማሽ ግን አበባውን አርግፎ ነበር። አባ ታሂር ሄደው ትከሻውን ሊስሙት ሲሉ ፈቀደ፤ አልሳማቸውም። ለራዊያም ምንም አላላትም። የፓምፑ ቁልፍ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አስካለ ከንጹሁ ብርጭቆ የተረፈውን ቅጠል ወሰደችና ረግረጓ ላይ በተነችው። በሳምንቱ ነጣ፤ መዳቡ ከጭቃው አልወጣም ነበር። ራዊያ ሄዳ አየችውና ላዩ ጭቃ በአካፋ ተጠርጎ ይውጣ፣ ውሃው ሁለት ጊዜ ይቀየር አለች። በሁለተኛው ሙከራ በአንድ ጥግ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያክል አረንጓዴ ያዘ። ዶሮዎቹ እስከዚያ ፉርሽካ ብቻ በሉ፤ አስካለም አሥራ አምስቱን ሸጠች።

አባ ታሂር ቤት ከዋሉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መናኸሪያ ሳይሄዱ በቀጥታ ቤት ገቡና ራዊያን ጠሯት።

«ሸሁን ጠየቅኋቸው» አሉ። «ሰው ጠፍቶ አራት ዓመት ሲያልፍ ምን ይደረጋል ብዬ። እንደ ሞተ ይቆጠራል፣ ሚስቱም ነፃ ናት አሉኝ።» በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀጠሉ፤ «አንቺን ይዤሻለሁ። ልጄ ይመጣል ብዬ ሳይሆን፣ ብቻዬን እንዳልቀር ነው የያዝኩሽ። አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ አባ» አለች። ይህም እንደ ሌላው ቃል ከአፏ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓርብ መስጊድ ውስጥ ለኑሀ የሩቅ ሟች ሶላት ተሰገደ። እቤት ሶደቃ ተደረገ፤ በግ ታረደ፣ ጎረቤት መጣ፣ ከሮቢት እነ አስካለ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። ሴቶቹ ራዊያን ሲያቅፏት አለቀሱ። «አልቅሺ እንጂ፣ አውጪው፣ ሆድሽ ውስጥ አይቅር» አለቻት አስካለ። አላለቀሰችም። ሞከረች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ዒምራን ከሰዓት በኋላ መጣና በሩ አጠገብ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ለአባ ታሂር «አላህ ያጽናዎት» አላቸው። ሲወጣ ወደ ራዊያም ዞር ብሎ ያንኑ አላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ሰው ሲሳሳ አንዲት ጎረቤት ወጥና እንጀራ በሳህን አድርጋ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ራዊያ አንድ ጎረሰች። ጨው እንደበዛበት ታወቃት። ደግማ ጎረሰች፣ ደግማ። ሳህኑ ባዶ ሆነ።

«ልጨምርልሽ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«አዎ» አለች ራዊያ፣ «በጣም ርቦኛል።»